ባሕር የሚሻገር መዋጮ



ቅዱስ ጳውሎስ ባሕር የተሻገረው ወንጌልን ብቻ ይዞ አልነበረም፤ በኢየሩሳሌም ላሉት ድሆች ቅዱሳን ከገላትያ፣ ከመቄዶንያና ከአካይያ የተሰበሰበ ገንዘብም ይዞ ነበር። መዋጮው በአንድ ቀን የተፈጸመ አይደለም። የቆሮንቶስ ሰዎች ፈቃዳቸውን ከገለጹ ዓመት አልፎ ገና ስላልፈጸሙ፣ ሐዋርያው በሁለተኛው መልእክቱ ምዕራፍ 8ንና 9ን በሙሉ ስለዚሁ ጉዳይ ጻፈላቸው። በቤተ ክርስቲያን ስለ ገንዘብ መናገር መንፈሳዊነትን ያጎድላል ብሎ የሚያስብ ካለ እነዚህን ሁለት ምዕራፎች ደጋግሞ ያንብብ።

ሐዋርያው የሠራው ሥርዓት ቀላል ነው። እያንዳንዱ በሳምንቱ መጀመሪያ ቀን እንዳገኘው መጠን ያስቀምጥ፤ ስጦታውን የሚያደርሱትንም ምእመናኑ ራሳቸው ይምረጡ (1ኛ ቆሮ. 16፥1-4)። ቲቶን በላከ ጊዜ አብያተ ክርስቲያናት የመረጡትን ሌላ ወንድም ጨመረለት፤ ስለዚህ ብዙ ገንዘብ ማንም እንዳያማው፣ በእግዚአብሔር ፊት ብቻ ሳይሆን በሰውም ፊት መልካም የሆነውን ለማድረግ ያስብ ነበርና (2ኛ ቆሮ. 8፥18-21)። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 20 አብረውት የተጓዙት በስማቸው ተጽፈዋል፦ የቤርያው ሱሲጳጥሮስ፣ የተሰሎንቄዎቹ አርስጥሮኮስና ሲኮንዱስ፣ የደርቤኑ ጋይዮስ፣ ጢሞቴዎስ፣ የእስያዎቹ ቲኪቆስና ጥሮፊሞስ። እነዚህ የየቤተ ክርስቲያናቸው ወኪሎች እንደ ነበሩ ብዙ ሊቃውንት ያስተምራሉ። ጳውሎስን የሚያህል ሐዋርያ ገንዘቡን ብቻውን ካልያዘ፣ እኛ ካህናት ብቻችንን ሄደን፣ ብቻችንን ተቀብለን፣ ብቻችንን የምንቆጥርበት ምክንያት ምንድን ነው?

ነገሩ ለባሌ ሩቅ አይደለም። በየካቲት 2004 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2012) ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት በነዲክቶስ 16ኛ የሮቤን ሐዋርያዊ ፕሬፌክቱራ ሲመሠርቱ፣ ካፑቺናዊው አባ አንጀሎ አንቶሊኒ የመጀመሪያው ፕሬፌክት ሆነው ተሾሙ። በብዙ ሙስሊምና ኦርቶዶክስ ጎረቤቶቻችን መካከል የምንኖር ጥቂት ካቶሊኮች ነንና፣ ወደ ባሕር ማዶ ወንድሞቻችን መጻፋችንና መልእክተኛ መላካችን በቶሎ የሚቀር አይደለም። መለመንም አያሳፍርም። የሚያሳፍረው ድህነታችንን እንደ ሸቀጥ ማቅረብ ነው። እናቱ ሳትጠየቅ ፎቶግራፍ የተነሣ ሕፃን፣ ካለው በላይ ተጋንኖ የተጻፈ ረኀብ፣ ብዙ ገንዘብ ያመጣ ይሆናል፤ የሰውን ክብር ግን ይወስዳል። ስለዚህ አንድ መመዘኛ አቀርባለሁ፦ ወደ ውጭ የሚላክ የእርዳታ ደብዳቤ ሁሉ፣ በአማርኛና በኦሮምኛ ተተርጉሞ ስለ እነርሱ በተጻፈላቸው ሰዎች ፊት ሊነበብ የሚችል ይሁን። ሲነበብ የምንሸማቀቅበት ከሆነ አይላክ።

የኦሮሞ ሕዝብ ሐዋርያዊ እንደራሴ ሆነው እ.ኤ.አ. በ1846 የተሾሙት አቡነ ማስያስ (ካርዲናል ጉልየልሞ ማሳያ) እ.ኤ.አ. በ1864 ወደ አውሮፓ ተመልሰው ነበር። ለሚስዮናቸው እርዳታ መለመናቸው አልቀረም። ነገር ግን በማርሴይ ከተማ ለኦሮሞ ወጣቶች ማስተማሪያ ቤት ከፈቱ፤ እ.ኤ.አ. በ1867 ደግሞ የአማርኛንና የኦሮምኛን ሰዋስው በፓሪስ አሳተሙ። ከእርሳቸው በኋላ የሚመጣ ሚስዮናዊ የሕዝቡን ቋንቋ ሳያውቅ እንዳይገባ ፈለጉ። እንዲህ ያለ ልመና የሚሰጠውንም ያስተምራል።

ወደ እኛ የሚመጡትን ቡድኖች ለምትመሩም አንድ ቃል አለኝ። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ እ.ኤ.አ. በ1990 ስለ ሚስዮን በጻፉት መልእክት፣ ወጣቶች ለአገልግሎት ወደ ሚስዮን አገር መሄዳቸውን አመስግነዋል። እንግዶቹ ሲመጡ ከአውሮፕላን ወርደው ወዲያው ለሥራ አይሰለፉ። ጎባ ከፍታዋ 2,700 ሜትር ገደማ ነው፤ ሳነቴ ደግሞ ከ4,000 ሜትር ያልፋል፤ ለማያውቀው ሰው ትንፋሽ ያሳጥራል። መጀመሪያ ቡና ይጠጡ፣ ከጎረቤት ጋር ይተዋወቁ፣ አብረውን ይጸልዩ። ግድግዳ ለመቀባት ባሕር መሻገር አያስፈልግም፤ ጎባ የራሷ ቀለም ቀቢ አላት፤ እርሱም ልጆች አሉት። እንግዳው ሲመለስ ያየውን በእውነት ቢናገርልን ከቀባው ግድግዳ ይበልጥ ይጠቅመናል።

መቀበልም ጸጋ ይጠይቃል። ጳውሎስ ስጦታው በኢየሩሳሌም ቅዱሳን ዘንድ ተቀባይነት እንዲያገኝ የሮሜን ክርስቲያኖች ጸሎት ለምኗል (ሮሜ 15፥30-31)። ዛሬ የአንዱ ትርፍ የሌላውን ጉድለት ይሞላል፤ ነገ ደግሞ በተራው ይገለበጣል፤ ሐዋርያው የሚለው ይህንኑ ነው (2ኛ ቆሮ. 8፥14)። እ.ኤ.አ. በ1822 በሊዮን የስብከተ ወንጌል ማኅበር ሲመሠረት፣ ብፅዕት ፓውሊን ጃሪኮ አስቀድማ ሰዎችን በአሥር በአሥር አደራጅታ፣ ከሐር ፋብሪካ ሠራተኞች ሳይቀር በየሳምንቱ አንዲት ሳንቲም ትሰበስብ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1926 የተደነገገው የዓለም ሚስዮን እሑድ ያንኑ ሥራ ይቀጥላል። በዚያ ቀን ከባሌ የሚሰጠው መዋጮ ከሮም ከሚሰጠው ጋር በአንድነት ተደምሮ፣ እኛ ወደማናውቃቸው አብያተ ክርስቲያናት ይሄዳል።

ስለዚህ በሚመጣው የሚስዮን እሑድ፣ በየጸሎት ቤቱ ካተኪስቱ ምእመናን ከመረጧቸው ሁለት ሰዎች ጋር ይቁጠር፤ አንዷ ሴት ትሁን። ድምሩ ወደ ቁምስናው ከመላኩ በፊት ለሕዝቡ ይነበብ። በብር ፋንታ ገብስ የሚያመጣ ቢኖር አይመለስ፤ ገብሱ በሮቤ ገበያ ይሸጥና ዋጋው ከሌላው ጋር ይመዝገብ።