ትርፉ ብር

የድሬዳዋ ምድር ባቡር ጡረተኛ ነኝ፤ ጠዋት ጠዋት ደቻቱን ተሻግሬ መጋላ እወርዳለሁ። ቀፊራ ገበያ ስፌት ከምትሸጥ አንዲት ሴት ጋር በዋጋ ስንነታረክ ብዙ ዓመት ሆነን። ልጆቿን ያሳደገችው በወስፌና በስንደዶ ነው።

ባለፈው ከካናዳ የመጣችው የእህቴ ልጅ አብራኝ ነበረች። የአንድ ሰፌድ ዋጋ ጠየቀች፤ የተጠራላትን እጥፍ ከፈለችና ሰፌዱን እዚያው ትታ መንገድ ጀመረች፤ ሻንጣዋ ሞልቷል። ሴትየዋ ሰው እየገፋች ደረሰችብን። ሰፌዱን አስታቀፈቻት፣ ትርፉን ብር መዳፏ ውስጥ ከታ «እኔ ለልመና አልተቀመጥኩም፣ ሰማሽ?» አለቻት። (ድሬ አንቱታ አታውቅም፤ ቁጣውም ፍቅሩም በ«አንቺ» ነው።)

«ምጽዋት ኃጢአት ሆነ እንዴ?» አለችኝ ልጅቷ፣ ዓይኗ እንባ አቅርሮ።

መልስ አጣሁላት። እኔ ክርስቲያን ነኝ፤ መጋላ ያደገ ሰው ግን ሐዲስም ሲነገር ይሰማል። በአቡ ዳውድ ስብስብ አንድ ለማኝ ነቢዩ ሙሐመድ ዘንድ ይመጣል። እሳቸው ቤቱ ያለውን ጨርቅና መጠጫ አስመጥተው ለገዢ አቀረቡለት። አንዱ 1 ዲርሃም ሲል፣ የሚጨምር እንዳለ ደጋግመው ጠየቁ፤ በ2 ተሸጠ። በአንዱ ለቤቱ ምግብ፣ በሌላው መጥረቢያ። በ15 ቀኑ እንጨት ሽጦ 10 ዲርሃም ይዞ መጣ። ሰባኪዎች መጥረቢያውን ይወዱታል። እኔን የሚይዘኝ ያ ደጋግሞ መጠየቅ ነው፤ ለድኻ ዋጋ መሟገት።

በእኛም መጽሐፍ፣ በሐዋርያት ሥራ፣ ጣቢታ ስትሞት ባልቴቶቹ እያለቀሱ ለጴጥሮስ ያሳዩት የሠራችላቸውን ልብስ ነበር።

አገራችን ባለእጅን ስትንቅ ኖራ፣ ምኒልክ በጥር 1900 ዓ.ም. ሠራተኛ እንዳይሰደብ እስከማወጅ ደረሱ። ንቀቱ ዛሬ «እንርዳቸው» ብሎ ይመጣል፤ ስፌቱን ሳያገላብጥ ይከፍላል። እኔስ ብሆን? ከመሶብ ክዳን ላይ 50 ብር አስቀንሼ፣ ወዲያው ለለማኝ 10 ብር ጥዬ፣ ጻድቅ መስዬ ቤቴ የገባሁበት ቀን አለ።

በሳምንቱ እንዳፈርኩ ሄድኩ። የአገልግል ዋጋ ጠየቅሁና ያለችውን ቆጥሬ ዘረጋሁላት። አልተቀበለችኝም። ፊቴን አየች።

«ምነው፣ አመመህ? ተከራከር እንጂ!»

ዱካ ሳበችልኝ። ከግማሹ ጀመርኩ።