የተስፋ መንገድ እስከ ካላባር

ተስፋና ግምት ሁለቱም ወደ ፊት የሚመለከቱ ቢሆኑም የሚመዘኑበት ሚዛን ለየቅል ነው። ግምት፣ ማለትም ካለው ማስረጃ ተነሥቶ የሚሆነውን አስቀድሞ መናገር፣ በውጤቱ ትክክል ወይም ስሕተት ሲባል፣ ተስፋ ግን የተመኘው ስላልሆነ ብቻ ስሕተት ነበር አይባልም። ይህ ልዩነት ቡድኑ በባዕድ ሜዳ ከባድ ጨዋታ በሚጠብቀው ደጋፊ ላይ ጎልቶ ይታያል።

የ13ኛው ክፍለ ዘመን ፈላስፋ ቶማስ አኩዊናስ ተስፋ የሚደረግበት ነገር መልካም፣ ገና ያልደረሰ፣ ለማግኘት አስቸጋሪና የሚቻል መሆን እንዳለበት አስተምሯል። ከእነዚህ መለያዎች ይበልጥ የሚዘነጋው የአስቸጋሪነቱ ነገር ነው። ሰው ያለ ውጣ ውረድ የሚያገኘውን ነገር ይጠብቀዋል እንጂ ተስፋ አያደርገውም፤ ችግሩን ለማየት የማይፈቅድም በምኞት ይኖራል እንጂ ተስፋ አለው ለማለት ያዳግታል።

በ2006 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ብሔራዊ ቡድን (ዋልያዎቹ) ለብራዚሉ የዓለም ዋንጫ ለማለፍ ከአፍሪካ ሻምፒዮኗ ናይጄሪያ ጋር የደርሶ መልስ ጨዋታ ነበረው፤ በጥቅምት ወር አዲስ አበባ ላይ 2ለ1 ተሸንፎ፣ ለመልሱ ወደ ናይጄሪያዋ ካላባር ሊጓዝ ነበር። በድምር ውጤት እኩል ሲሆን ከሜዳው ውጪ ብዙ ጎል ያገባው ቡድን የሚያልፍበት ደንብ ይሠራ ስለነበር፣ 1ለ0 ማሸነፍ እንኳ አይበቃም፤ 2ለ1 ተጨማሪ ሰዓት ያስገኛል፤ 2ለ0 ወይም 3ለ2 ግን ያሳልፋል። ደጋፊው ይህን ስሌት ደጋግሞ የሚሠራው ራሱን ለማታለል አይደለም፤ ተስፋ የሚቻለውን ከማይቻለው የሚለይበት ሥራው ይኸው ነውና። ስሌቱም መሠረት ነበረው፦ ከአንድ ዓመት በፊት ዋልያዎቹ በሱዳን ሜዳ 5ለ3 ተሸንፈው ሳለ፣ በዚያ ሽንፈት ውስጥ ያገቧቸው ሦስት ጎሎች ከአዲስ አበባው የ2ለ0 ድል ጋር ተደምረው ቡድኑን ከ31 ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ አብቅተውታል። ያን ያየ ሰው ጠባብ በርን ዝግ ነው ብሎ ሊተወው አይገደድም።

እዚህ ላይ ግን አንድ ብርቱ ጥያቄ ይነሣል። ተማሪ ተስፋውን በጥናት፣ ገበሬም በእርሻው ሲያግዘው፣ በሜዳው ሲሆን ቢያንስ በጩኸቱ የሚያግዘው ደጋፊ በሩቅ አገር ጨዋታ ይህም ይወሰድበታል፤ ታዲያ ምንም ሊያደርግ የማይችል ሰው ተስፋ ምን ዋጋ አለው? ፈላስፋው ስፒኖዛ ተስፋና ፍርሃት እንደማይነጣጠሉ የተናገረው እውነት ከሆነ፣ አቅመ ቢሱ ደጋፊ ከተስፋው የሚያተርፈው ጭንቀት ብቻ ሊመስል ይችላል። ይሁን እንጂ ይህ አስተያየት ተስፋን እንደ መሣሪያ ብቻ ያየዋል። ሌሎች ለሚለፉለት ነገር ልብን አሳልፎ መስጠት፣ የእነርሱ ድካም ሳይፈጸም ጉዳዩ እንዳበቃ አለመቁጠር፣ ራሱን የቻለ የታማኝነት ተግባር ነው፤ ለማሸነፍ ባይጠቅምም የቡድኑ ዕጣ የሕዝብ ጉዳይ የሚሆነው በዚህ ነው።

ኅዳር 7 ቀን ካላባር ላይ ናይጄሪያ 2ለ0 አሸነፈች። ዋልያዎቹ ያልፋሉ ብሎ የገመተ ያን ቀን ተሳስቷል፤ ተስፋ ያደረገው ግን አዘነ እንጂ አልተሳሳተም። ኀዘኑ ወደ ቁጣ ተለውጦ ተጫዋቹን ዕዳ እንዳልከፈለ ሰው ሲከስ ግን ነገሩ ሌላ ይሆናል፤ ያኔ ደጋፊው ተስፋውን ማንም ያልገባለት ቃል ኪዳን አድርጎታል።