ዳኛውን ማን ይዳኘዋል?

አማርኛችን ፍርድ ቤት ወንበር ላይ የተቀመጠውንም፣ ቁምጣ ለብሶ ፊሽካ ይዞ የሚሮጠውንም በአንድ ቃል “ዳኛ” ብሎ ነው የሚጠራው። ይሄ የቃል ድህነት አይመስለኝም። ሁለቱም በሰው ጠብ መሀል ገብተው፣ ወስነው፣ ቢያንስ አንዱን ወገን አስከፍተው የሚሄዱ ናቸው። እንግሊዞች ለሁለቱ ሁለት ስም አውጥተዋል። በሜዳው ዳኛ ላይ የሚፈርድ ሌላ ችሎት በሬዲዮ ከከፈቱ ግን ሠላሳ ዓመት አልፏቸዋል።

ችሎቱ “ሲክስ ኦ ሲክስ” ይባላል። በ1991 (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ውሰዱልኝ) በቢቢሲ ሬዲዮ 5 የተጀመረ የስፖርት ፕሮግራም ነው። ስሙን ያገኘው መጀመሪያ ላይ ቅዳሜ ምሽት ይጀምር ከነበረበት ሰዓት ሲሆን፣ በእነሱ አቆጣጠር ስድስት ሰዓት ከስድስት ደቂቃ መሆኑ ነው። ጨዋታው አልቆ፣ ተመልካቹ ገና ወደ ቤቱ እየነዳ፣ ንዴቱም ሳይበርድ ማለት ነው። አሠራሩ ቀላል ነው። ደጋፊው ይደውላል፣ አዘጋጁ ያነሳል፣ ደጋፊው የሆዱን ይናገራል፣ አገር ይሰማል።

“የሥራ ፈት ወሬ” ብሎ ለማለፍ የሚቸኩል ሰው ካለ፣ እባክህ ትንሽ ቆይ ልለው እፈልጋለሁ። ከዚያ በፊት የነበረውን ዘመን እንይ። በ1985 ብራስልስ ሄይዘል ስታዲየም ውስጥ 39 ሰው ሞተ፤ የእንግሊዝ ክለቦችም ከአውሮፓ ውድድር ታገዱ። ከዚያ በኋላ በእንግሊዝ የእግር ኳስ ደጋፊ ማለት በብረት አጥር የሚታጎር፣ በፖሊስ የሚጠበቅ፣ ስለ እሱ እንጂ እሱ ራሱ የማይናገር ፍጡር ሆነ። መንግሥት መታወቂያ ሊያሲዘው በ1989 ሕግ እስከማውጣት ደርሶ ነበር። በዚያው ዓመት ሚያዝያ 15 ቀን በሸፊልድ ከተማ ሂልስቦሮ ስታዲየም የሊቨርፑል ደጋፊዎች በአጥሩ መሀል ተጨፈለቁ፤ የሟቾቹ ቁጥር ኋላ 97 ደረሰ። በአራተኛው ቀን አንድ ብዙ አንባቢ ያለው ጋዜጣ ጥፋቱን በራሳቸው በሟቾቹ ወገን ላይ ለጠፈው። ደጋፊዎቹ ጥፋተኛ አለመሆናቸውን፣ የሞቱትም ከሕግ ውጪ የተገደሉ መሆናቸውን የአስከሬን ምርመራ ችሎት የወሰነው በ2016 ነው። ሃያ ሰባት ዓመት!

እንግዲህ እንዲህ አፉ ለተለጎመ ሰው “እስቲ አንተስ ምን ትላለህ?” የሚል ስልክ መከፈቱ ቀላል ነገር አልነበረም። የመጀመሪያው አዘጋጅ ዳኒ ቤከር ቀልደኛ ሰው ነው። ከሮሮው ይልቅ ደጋፊው በየሜዳው ያየውንና የገጠመውን ጉድ ማስወራት ይወድ ነበር። ከእሱ በኋላ ወንበሩን የያዘው ዴቪድ ሜለር ደግሞ ከሚኒስትርነቱ በ1992 የለቀቀ ፖለቲከኛ ነው። የቀድሞ ሚኒስትር ቁጭ ብሎ የመንገድ ሠራተኛውን ሮሮ ሲያደምጥ አስቡት። እኔ በበኩሌ ይሄን ትልቅ ነገር ነው የምለው።

ችግሩ የመጣው ሌላ ቦታ ነው። የካቲት 26 ቀን 1997 በኤፍ ኤ ካፕ የድጋሚ ጨዋታ ቼልሲ ሌስተርን ገጠመ። ተጨማሪው ሰዓት ሊያልቅ ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው የቼልሲው ኤርላንድ ዮንሰን በፍጹም ቅጣት ምት ክልል ውስጥ ወደቀ። ዳኛው ማይክ ሪድ ነፋ። ሌበፍ መታ፣ አገባ፣ ሌስተር ወጣ፤ ቼልሲም እስከ ዋንጫው ሄዶ ዋንጫውን በላ። ብዙ ሰው ያ ቅጣት ምት አይገባም ነበር ብሏል፤ የማለት መብትም አለው። ዳኒ ቤከር ግን በዚያው ሬዲዮ ስለ ዳኛው የተናገረው ነገር ሕዝብን በሰውየው ላይ የሚያነሳሳ ነው ተብሎ ከሥራው ተባረረ።

ታዲያ እኔን የሚያሳስበኝ የቤከር ስህተት አይደለም። የሚያሳስበኝ ስለ ኳሷ ትክክል የነበረ መሆኑ ነው። ውሸታም ሲሳደብ ማስቆም ቀላል ነው፤ ውሸቱን ታሳየዋለህ። እውነት የያዘን ሰውስ በምን ታስቆመዋለህ? “አልተሳሳተም እንዴ?” ይልሃል። አዎ ተሳስቷል። “ከፍዬ አልገባሁም እንዴ?” ይልሃል። አዎ ከፍለሃል። ግን የከፈልከው ለወንበሩ ነው። ውሳኔው አደባባይ ላይ የተሰጠ ነውና ያንተም ነው፤ እንዳሻህ ተቸው። የሰውየው ቤት፣ ልጆቹና እንቅልፉ ግን በትኬቱ ውስጥ የሉም። እውነት መያዝ በሰው ላይ ሥልጣን አይሰጥም፤ በእጅህ ያለው ለክርክር የሚሆን ማስረጃ ብቻ ነው።

ክርክር ካልኩ ዘንድ፣ የአባቶቻችን ሙግት እዚህ ጋ ይታወሰኛል። ከሳሽና ተከሳሽ የኩታቸውን ጫፍ ቋጥረው፣ ቁራኛ ሆነው፣ ዳኛው ዘንድ አብረው ይሄዳሉ። መንገደኛም ቢሆን በዳኝነት ያስቀምጣሉ። “በላ ልበልሃ” ሲል ባላጋራው ፊት ለፊቱ ቆሟል፤ የሚወረውረውን ቃል የሚመልስ አፍ አለ። በምላስ የሚያሸንፍ ብዙ ነበር፣ ያንን አልክድም፤ ድሃ የተረታበት ሙግት ስንትና ስንት ነው። ቢሆንም የከሰስከውን ሰው ዐይኑን እያየህ ነበር የምትናገረው። “ውሃ ሲጎድል ተሻገር፣ ዳኛ ሲገኝ ተናገር” ይባላል። በስልኩ ችሎት ግን የሚነገረው ዳኛው በሌለበት ነው። እንግሊዝ አገር ዳኛ ከጨዋታ በኋላ ወጥቶ ስለ ውሳኔው መልስ መስጠት የተለመደ አይደለም። ስለዚህ አንዱ ወገን ብቻውን ይከስሳል፣ ብቻውን ይመሰክራል፣ ብቻውን ይፈርዳል። ይህንን በእኛ ቋንቋ ሙግት አይሉትም፤ ስሙ ሐሜት ነው፣ ምንም እውነት ቢሆን።

ሐሜቱ ደግሞ ከአየር ላይ ወርዶ ሰው ቤት ይገባል። የካቲት 2005 ባርሴሎና ቼልሲን 2 ለ 1 ሲያሸንፍ ጨዋታውን የመራው ስዊድናዊው አንደርስ ፍሪስክ ነበር። የቼልሲው አሠልጣኝ ሞሪኞ የባርሴሎናው አሠልጣኝ በእረፍት ሰዓት ከዳኛው ጋር ተገናኝቷል ብሎ ከሰሰ። ሞሪኞ “ሰውየውን አስፈራሩልኝ” አላለም። ነገር ግን በፍሪስክና በቤተሰቡ ላይ የግድያ ዛቻ ዘነበ፤ በመጋቢት ወር ሰውየው ፊሽካውን ሰቅሎ ወጣ። አውሮፓ የእግር ኳስ ማኅበር በኋላ አሠልጣኙን በሁለት ጨዋታ ቀጣው። የዛቱትን ግን ማን ይቅጣቸው? እያንዳንዱ አንድ መስመር ነው የጻፈው፣ አንድ ጊዜ ነው የደወለው። የሁሉም ድርሻ ትንሽ ስለሆነ ማንም ጥፋተኛ አልሆነም።

እኛም ከዚህ ዓለም ውጪ አይደለንም። የኤፍ ኤም ጣቢያዎቻችን ከበዙ ወዲህ የእንግሊዝ ኳስ የሰፈር ጉዳይ ሆኗል። ለንደንን በዐይኑ ያላየ ሰው ስለ አርሴናል ሲያወራ “እኛ” ነው የሚለው፤ በዚህ አልስቅም፣ ፍቅር ነው። ደግሞ “ቴክኖሎጂ ሲመጣ ጭቅጭቁ ይቀራል” ያሉ ነበሩ። ቫር ፕሪሚየር ሊግ የገባው በ2019 ነው። ጭቅጭቁ ቀረ? አሁን የምንሰድበው ዳኛ ሁለት ሆነ፤ አንዱ ሜዳ ላይ፣ አንዱ ስክሪን ፊት።

ለማንኛውም የሜለርን ነገር ሳልጨርስ አልተውም። በ1997 ሥልጣን የያዘው የሌበር መንግሥት ይሄንን የተቃራኒ ፓርቲ ሰው ጠርቶ የእግር ኳስ ግብረ ኃይል ሊቀመንበር አደረገው። በሬዲዮ የደጋፊውን ሮሮ ሲሰማ የነበረ ሰው፣ ያ ሮሮ የሚነሳባቸውን የፌዴሬሽኑንና የሊጉን ተወካዮች ከደጋፊዎቹ ጋር በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ አገኛቸው። ስለ ዘረኝነትና አካል ጉዳተኞች ስታዲየም ስለሚገቡበት መንገድ ተስማምተው ጻፉ። የትኬት ዋጋና የገንዘቡ ነገር ሲመጣ ግን መስማማት አቃታቸው። በታኅሣሥ 1999 ሁለት የተለያዩ ሪፖርቶች አቅርበው፣ እርስ በርሳቸው ተያይተው ተለያዩ።