ስለ ትምህርት ቤት ማን ይመስክር?

ልጃቸውን ወደ ትምህርት ቤት የሚሰዱ አባትና እናት አስቀድመው የሚጠይቁት አንድ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም «ትምህርቱ ደኅና ነውን?» የሚል ነው። መልሱ ግን እንደ መላሹ ይለያያል። አንዱ ያመሰግናል፥ ሌላው ይነቅፋል፤ ባለቤቱ በሕንፃው ማማር ይመካል፥ ጎረቤትም ከጎረቤት የሰማውን ይደግማል። ወሬው በበዛ መጠን እውነቱ ይርቃል። እንግዲህ ከዚህ ሁሉ ድምፅ መካከል የታመነውን ቃል እንዴት እንለየዋለን?

አባቶቻችን ለዚህ ያበጁት ሥርዐት አለ። በአብነት ትምህርት ቤት ድጓ የተማረ ሰው «ተምሬአለሁ» ስላለ፥ ወይም መምህሩ ስለ ወደዱት ብቻ ሊቅ አይባልም፤ ወደ ጋይንት ሄዶ በቤተልሔም ያስመሰክራል። ዝማሬና መዋሥዕት የተማረውም ወደ ዙር አባ ይሄዳል። ይህ ፈተና «ምስክር» መባሉ በከንቱ አይደለም። እውነተኛ ምስክር ያየውንና የሰማውን ሳይጨምርና ሳይቀንስ ይናገራል፤ ከነገሩም ትርፍ አይፈልግም። ስለዚህ ስለ ትምህርት ቤት የሚነግረንን ሁሉ፥ ምን አየህ? እንዴት አየህ? ከንግግርህስ ምን ታተርፋለህ? ብለን ልንመረምረው ይገባናል።

የሀገራችን የቅርብ ታሪክም ይህን ያስረዳል። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ከየትምህርት ቤታቸው ወጥተው በዩኒቨርሲቲዎች እንዲፈተኑ በተደረገ ጊዜ፥ ግማሽና ከዚያ በላይ ነጥብ ያገኙት ከመቶው 3.3 ያህል ብቻ ሆኑ። በ2015 ዓ.ም. ፈተና 3.2፥ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ 5.4 ነበሩ። እነዚህ ልጆች ግን በየትምህርት ቤታቸው ካርድ ከክፍል ወደ ክፍል ሲያልፉ የኖሩ ናቸው። ካርዱን የሞላው ያስተማረው ራሱ ነበርና፥ ስለ ገዛ ሥራው መሰከረ።

ይሁን እንጂ ቁጥርም ምስክር ነውና፥ ካየው አልፎ እንዲናገር ልናስገድደው አይገባም። ፈተና ተማሪው በዚያ ቀን የመለሰውን ይቈጥራል እንጂ ከየት ተነሥቶ እዚያ እንደ ደረሰ አይቈጥርም። ጎበዞችን መርጦ የሚቀበል ትምህርት ቤትና መጽሐፍ በሌለበት፥ ጦርነት ባለበት ስፍራ የሚያስተምር ትምህርት ቤት በአንድ ቁጥር ብቻ ቢመዘኑ ፍርዱ ይጎድላል። ትምህርት ሚኒስቴርም ትምህርት ቤቶችን ከደረጃ 1 እስከ ደረጃ 4 ሲመድብ ግብዐቱን፥ የማስተማሩን ሂደትና ውጤቱን ይመዝናል። ስለዚህ ወላጅ ደረጃውን ብቻ ሳይሆን ደረጃው ከምን እንደ ተገኘ ይጠይቅ፤ ሕንፃ ያስገኘው ነጥብና የልጆች ዕውቀት ያስገኘው ነጥብ አንድ አይደሉምና።

ከሁሉ የቀረበው ምስክር ግን ልጁ ራሱ ነው። በ2002 ዓ.ም. በልዩ ልዩ ክልሎች የሕፃናት ንባብ በተመረመረ ጊዜ፥ ከ2ኛ ክፍል ልጆች ከመቶው 34ቱ ከቀረበላቸው ጽሑፍ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም ነበር። የምርመራው ሥራ ሰፊ ቢሆንም መሠረቱ ቀላል ነው፤ ልጁን አቅርቦ «አንብብልኝ» ማለት ነው። ይህም ለወላጅ ሁሉ ይቻለዋል። ፊደል ያልቈጠረ ወላጅ እንኳ፥ ልጁ ያነበበውን በራሱ አነጋገር እንዲተርክለት ቢጠይቀው ብዙ ነገር ይረዳል።

ከባዱ ነገር ሌላ ነው። እውነቱን ብዙ ጊዜ የምናጣው ስለ ተሰወረብን ሳይሆን ስለ ፈራነው ነው። ብዙ ገንዘብ የከፈልንበት ትምህርት ቤት ሲነቀፍ እኛ የተነቀፍን ይመስለናል፤ ስለዚህ ደስ የሚያሰኘንን ምስክር እንጠራለን፥ የሚያሳዝነንንም ጠላት እንለዋለን። ክብራችን ተጠብቆ የልጁ ዕድሜ ቢባክን ግን ምን ይጠቅመናል?

በሐሰት አለመመስከር በፍርድ አደባባይ ለሚቆም ሰው ብቻ የተሰጠ ትእዛዝ አይደለም። ሳያውቁ በመንቀፍ የትጉህ መምህር እንጀራ ይቈረሳል፤ ሳያውቁ በማመስገንም የሌላው ሰው ልጅ ይጎዳል። እንግዲህ ስንጠየቅ ያየነውን እንናገር፤ ያላየነውንም «አላየሁም» ለማለት አንፈር። ዛሬ ማታም ልጃችንን ከአጠገባችን አስቀምጠን እንዲያነብልን እንጠይቀው፤ ቢሳነውም ሳንቈጣ፥ ነገ ከመምህሩ ጋር እንመካከር።