ተንሳፋፊዋ ምን ተናገረች?

አሽቀሎን ባሕር ዳር ቁጭ ባልኩ ቁጥር ዓይኔ ወደ ደቡብ፣ ወደ ጋዛ ዳርቻ ይሄዳል። እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 9 ቀን 1969 እዚያ፣ ካን ዩኒስ ላይ፣ አንድ ዓሣ አጥማጅ ማዕበል የተፋትን የአደጋ ጊዜ ተንሳፋፊ አገኘ። የዳካር ነበረች፤ ከዓመት በፊት ከነ69 ሰዎቿ የጠፋችው የእስራኤል ባሕር ኃይል ሰርጓጅ መርከብ።

ዳካር ከእንግሊዝ የተገዛች ናት። ጃንዋሪ 9 ቀን 1968 ከፖርትስማውዝ ተነሣች፤ ጃንዋሪ 25 እኩለ ሌሊት እንዳለፈ የመጨረሻ መልእክቷን ላከች፤ ከዚያ ድምጿ ጠፋ። ከባሕረኞቹ መካከል እንደ እኔ ከሌላ አገር ፈልሰው የመጡ ነበሩ። ይህን ካወቅሁ ወዲህ ነገሩ የሰው ነገር መሆኑ ቀረ።

ተንሳፋፊዋ ላይ 65 ሳንቲ ሜትር ያህል ገመድ ቀርቶ ነበር። ባለሙያዎች እሱን መርምረው መርከቢቱ ከመንገዷ ወጥታ፣ ጥልቀቱ ብዙ ባልሆነ ባሕር ሰጥማለች አሉ። እኔስ ብሆን? አምን ነበር። ዳካር ከመጥፋቷ 3 ወር ቀደም ብሎ ኤላት የተባለችው የእስራኤል የጦር መርከብ በግብፅ ሚሳይል ተመትታ 47 ሰው አልቋል፤ ልብ ወደ ግብፅ ዳርቻ ቢያደላ አይፈረድበትም።

ዳካር ግን ሜይ 1999 የተገኘችው በቀርጤስና በቆጵሮስ መካከል፣ ልትሄድበት በታሰበው መንገድ ላይ፣ 3,000 ሜትር ገደማ ጥልቀት ውስጥ ነው። እንግዲያ ተንሳፋፊዋ ዋሸች? ሳወጣ ሳወርድ ቆይቼ፣ የለም አልኩ። እሷ የመሰከረችው የት እንደ ወጣች ብቻ ነው፤ ከየት እንደ ተበጠሰች የጨመሩበት ሰዎች ናቸው። ገመዱ ስላጠረ ባሕሩ አያጥርም። የዚህን ችኮላ ዋጋ የባሕረኞቹ ቤተሰቦች 30 ዓመት ከፈሉ።

ሌላው ጥርጣሬዬ አስከሬን የሌለበት ለቅሶ ነው። ጎንደር ሳለን ሰው በሩቅ አገር ሲሞት ልብሱና ጠመንጃው ወጥቶ ይለቀስበት ነበር። ይህ ይበቃል? ልብስ ሰው አይሆንም እል ነበር። አንዲት እናት ግን የልጇን እጀ ጠባብ፣ አንገትጌው ላይ ወዙ ያልለቀቀውን፣ ደረቷ ላይ ለጥፋ ስታለቅስ አየሁ፤ ከዚያ ወዲህ አይበቃም ለማለት አልደፈርኩም።

እኛም እንዲህ የምናለቅስላቸው አሉን፤ በሱዳን በኩል ወደ እስራኤል ሲመጡ 4,000 ያህል ቤተ እስራኤል ወገኖቻችን ኢየሩሳሌምን ሳያዩ ቀርተዋል። መታሰቢያቸው ሄርዝል ተራራ ላይ ነው። የዳካርም መታሰቢያ እዚያው ተራራ ላይ ነው። ከወገኖቻችን ከፊሉን ከሱዳን ዳርቻ በሌሊት በጀልባ እያወጡ ባት ጋሊም መርከብ ላይ ያሳፈሩት የዚያው ባሕር ኃይል ልጆች ናቸው። ለሙታኖቻችን ልታለቅሱ ወደ ተራራው የምትወጡ ሁሉ፣ ሳትወርዱ በዳካር በኩል እለፉ፤ የባሕረኞቹን ስም አንድ በአንድ አንብቡላቸው።