«እሺ» ስንል ምን ማለታችን ነው?

ዛሬ የምናነሣው ስለ አንዲት ትንሽ ቃል ነው።

ከዓመታት በፊት አንድ አባት ወደ ልጃቸው ትምህርት ቤት ተጠሩ። እኛም የማኅበራዊ አገልግሎት ሠራተኞች ለማስተርጐም አብረን ተቀመጥን። ልጁ ወደ ልዩ ትምህርት ክፍል ቢዛወር ይሻላል ተባለ። አባትየው አንገታቸውን ዝቅ አድርገው አዳመጡና «እሺ» አሉ። እኛ «ቤሴደር» ብለን ተረጐምን፤ ወረቀቱ ላይ «ወላጅ ተስማምቷል» ተብሎ ተጻፈ፤ እሳቸውም ፈረሙ። በሳምንቱ ቤታቸው ቡና ስንጠጣ ግን «ልጄን ያለ ፈቃዴ ወሰዱብኝ» አሉን። «እሺ ብለው አልነበረም ወይ?» ብንላቸው፣ «ታዲያ በአስተማሪ ፊት እምቢ ልበል፣ ልጄ?» ብለው መለሱልን።

እኒህ አባት ዋሹ ማለት ነውን? አይመስለንም። ባደግንበት አገር «እሺ» ብዙ ሥራ አለው። «ሰምቼዎታለሁ» ማለት ይሆናል፤ «በሰው ፊት አላሳፍርዎትም» ማለትም ይሆናል። እምቢታም የራሱ መንገድ አለው፤ «እስቲ እናያለን» ይባላል፣ ወይም ሰውየው በቀጠሮው ቀን ይቀራል። ነገሩ ለሁሉም ግልጽ ስለሆነ ማንም አያብራራውም። አሜሪካዊው ምሁር ዶናልድ ሌቪን በ1965 ባሳተመው መጽሐፍ ይህን የአነጋገር ልማድ ከቅኔው ሰምና ወርቅ ጋር አያይዞ ጽፎበታል።

እዚህ አገር ደግሞ «ዱግሪ» የሚባል አነጋገር አለ። ታማር ካትሪኤል የተባሉ እስራኤላዊት ምሁር በ1986 ስለዚሁ መጽሐፍ አሳትመዋል። በዱግሪ ልማድ ፊት ለፊት መናገር ሰውን እንደ ማክበርና እንደ ማመን ይቆጠራል። ስለዚህ አስተማሪዋ የአባትየውን «እሺ» በራሷ ልማድ አነበበችው፤ እሳቸው ደግሞ የእሷን ቀጥታ ንግግር እንደ ትእዛዝ ሰሙት። ሁለቱንም ቋንቋ የምናውቀው እኛ ብቻ ነበርን፤ ቃሉን አሻግረን ዝም አልን። ጥፋቱ ከማንም ይልቅ የእኛ ነው።

አንዳንድ የሥራ ባልደረቦቻችን «ሽማግሌዎቹ እምቢ ማለት ይልመዱ» ይላሉ። ፊርማ የልብን ስለማይጠይቅ በከፊል እውነት አላቸው። ነገር ግን ስልሳ ዓመት በጨዋነት የኖረን ሰው «ባለጌ ሁን» ማለት ደግ ነገር አይደለም። ደግሞስ ለምን? ሽማግሌዎቻችን «ልምከርበት» የሚል ቃል አላቸው። በዕብራይስጥ ወንድ «አኒ ሮፄ ላሕሾቭ አል ዜ»፣ ሴት «አኒ ሮፃ ላሕሾቭ አል ዜ» ቢሉ ማንም አይቀየምም። ለልጅ የልዩ ትምህርት መብት ሲወሰን፣ በ1988 የወጣው ሕግ በ2018 ከተሻሻለ ወዲህ፣ ከጥቂት ሁኔታዎች በቀር መደበኛ ክፍል፣ ልዩ ክፍል ወይም ልዩ ትምህርት ቤት የሚመርጠው ወላጅ ነው።

የዚያ ልጅ ወረቀት ግን አልተመለሰም፤ ዓመቱን እዚያው ክፍል ቆየ። ከዚያ ወዲህ «እሺ» ስንሰማ ቶሎ አንተረጉምም። «ማታ ቤት ሲገቡ ለባለቤትዎ ምን ብለው ይነግሯቸዋል?» ብለን አስቀድመን እንጠይቃለን።