ቁጥር መርዶ አይደለም

በአገራችን መርዶ ሥርዓት አለው። ሰው ከሞተ በኋላ፣ ጎረቤት ተሰብስቦ፣ በማለዳ ይነገራል። ለመሆኑ ሰውየው ገና በሕይወት ሳለ ደሙ ስለ ሞቱ ቢናገርስ? ይህን ለማን እንንገር? እንዴትስ?

አንድ የጉኑኖ ገበሬ እናስብ። ዓይኑ ቢጫ ሆነ፤ ቤተሰቡ «የወፍ በሽታ ነው» ብለው ቅጠሉን ሞከሩ። ሆዱ ውሃ ሲቋጥር ሶዶ ወሰዱት። ሐኪሙ ከደሙ ሦስት ነገር ይለካል፤ ዓይኑን ቢጫ ያደረገውን ቢሊሩቢን፣ የኩላሊትን ድካም የሚያሳየውን ክሬቲኒን፣ እንዲሁም ደሙ ለመርጋት የሚፈጅበትን ጊዜ። ከነዚህ «ሜልድ» የሚባል፣ ከ6 እስከ 40 የሚሄድ ቁጥር ይወጣል። እ.ኤ.አ. በ2003 በታተመ የአሜሪካ ጥናት፣ ጉበት ከሚጠባበቁት መካከል ቁጥራቸው ከ30 እስከ 39 ከነበረው ግማሽ ያህሉ በሦስት ወር ውስጥ ሞተዋል።

ይህ ቁጥር አሜሪካ ውስጥ ከ2002 ጀምሮ ወረፋ ማስያዣ ነው፤ ከፍ ባለ መጠን ተራው ይቀርባል። እኛ ዘንድስ? የኩላሊት ንቅለ ተከላ በአዲስ አበባ ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል በ2015 ተጀምሯል፤ ጉበት የሚሻ ግን ባሕር መሻገር አለበት፤ የጉኑኖ ገበሬ በምን ገንዘቡ? እንግዲህ እዚያ ተራ የሚያስቀድመው ቁጥር እዚህ ተስፋ ማስቆረጫ እንዳይሆን ያሰጋል።

ስለዚህ «ዝም ይባል፣ ሆዱ እንዳይባባ» የሚሉ አሉ። ክፋት የላቸውም። ነገር ግን በሬው ይሸጥ ወይስ ለልጆቹ ይቅር? አዲስ አበባ ይወሰድ ወይስ ቤቱ ይረፍ? ከተጣላው ወንድሙ ጋርስ መቼ ይታረቅ? ይህን የሚወስነው እሱ ነው። ቁጥሩን የደበቀ ሰው ምርጫውን ሰረቀው እኮ!

በሌላ በኩል፣ ቁጥሩን እንደ ፍርድ የሚያነብም ይሳሳታል። ግማሽ ያህሉ ሞቱ ማለት ግማሽ ያህሉ አልሞቱም ማለት ነው፤ እሱ ከየትኞቹ እንደሆነ ስሌቱ አያውቅም። ስሌቱ ራሱም ሰው ሠራሽ ነው፤ የሴቶች ክሬቲኒን በተፈጥሮ ዝቅ ስለሚል ሕመማቸውን ለዓመታት አሳንሶ ሲያሳይ ኖሮ በቅርብ ጊዜ ነው የታረመው።

ታዲያ እንዴት ይነገር? በሚገባው ቋንቋ፣ በወላይትኛ፣ ቁጭ ተብሎ፤ «ጋሼ፣ እንደርስዎ ከታመሙት ግማሽ ያህሉ ሦስት ወር አይዘልቁም። ከየትኞቹ እንደሆኑ አላውቅም። ውሃውን እንቀዳለን፣ ሕመሙን እናስታግሳለን፣ መንስኤው መድኃኒት ካለው እንሰጣለን። አንተውዎትም።» የመጨረሻዋ ቃል ከሌለች የቀረው ሁሉ ጭካኔ ነው።

ጉኑኖ መለካትን ታውቃለች። በ1980ዎቹ የአፈር ጥበቃ ምርምር ጣቢያ ነበራት፤ ዝናብ ከተዳፋቱ ስንት አፈር እንደሚያጥብ በየማሳው ይለካ ነበር። የተለካው «ይህ መሬት አለቀለት» ለማለት አልነበረም፤ አፈሩ በምን እንደሚያዝ ለማወቅ እንጂ። ለመሬት ያላነሰው ይህ አስተያየት ለሰው ሊያንስ ነው እንዴ?